ጡረታ በወጡ ማግስት የትዳር አጋር ሆስፒታል ሲገባ አስታማሚው ምን ይጠይቅ?

በዋሽንግተን ዲሲ እና በአጎራባቾቹ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ የሚኖሩ በርካታ ኢትዮጵያውያን ጥንዶች ለሠላሳ ዓመታት ያህል በአንድ ጣሪያ ሥር ቢኖሩም እምብዛም ሳይተያዩ አርጅተዋል ማለት ይቻላል። ባል ሌሊቱን ታክሲ ሲነዳ ወይም ፓርኪንግ ሲጠብቅ ያድራል፤ ሚስት ማለዳ ወደ ሆቴል ወይም ወደ አረጋውያን መንከባከቢያ ትገባለች። አንዱ ሲመጣ ሌላው ይወጣል። ጡረታ የዚህ ሁሉ ማካካሻ ተደርጎ ሲታሰብ ይኖራል፦ የአሜሪካን ብርድ ሸሽቶ አዲስ አበባ መክረም፣ የልጅ ልጅ ማቀፍ፣ ኢየሩሳሌም ወይም መካ መሄድ፣ ሰዓት ሳያዩ አብሮ ቡና መጠጣት።

ሕመም ግን ቀጠሮ አያከብርም። ሥራ በተለቀቀ በስምንተኛው ወር ባልየው ደረቱን ይዞ ሊቀመጥ፣ ሚስትየዋ ደረጃ ላይ ወድቃ ዳሌዋ ሊሰበር ይችላል። አምቡላንስ ይጠራል፤ የድንገተኛ ክፍሉ መጋረጃ ይዘጋል፤ ውጭ ወንበር ላይ በተቀመጠው ሰው እጅ የታማሚው ጫማ፣ መነጽርና ስልክ ይቀራሉ።

አገር ቤት ቢሆን ከዚህ በኋላ የሚደረገው ይታወቃል። አስታማሚ ምግብ ያመላልሳል፤ የታዘዘውን መድኃኒት ገዝቶ ያመጣል፤ ናሙና ወደ ላቦራቶሪ ያደርሳል፤ ሌሊት ከአልጋው ሥር አንጥፎ ይተኛል። በአሜሪካ ሆስፒታል ይህን ሁሉ የሚሠራው ሌላ ሰው ነው። በዚህም ምክንያት ብዙ አስታማሚዎች ጥግ ይዘው፣ ዶክተር ሲገባ ብድግ እያሉ፣ የሚሉት ጠፍቷቸው ይቀመጣሉ። ይሁንና የአስታማሚው ሥራ አልቀረም፤ መልኩን ለወጠ እንጂ። ሥራው አሁን መጠየቅ፣ መመዝገብ፣ የሚፈረመውን ወረቀት ማወቅ እና ራስን ጭምር መጠበቅ ነው። የሆስፒታልና የመድኅን ሕግ እንደየአገሩ ስለሚለያይ ይህ ጽሑፍ በዋናነት የሚያተኩረው ደንቡ ከሁሉም ይበልጥ በተወሳሰበባት በአሜሪካ ላይ ነው። የተጠቀሱት ዓመታትም በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

እያስታመሙ መታመም

የአንድ ሰው ሆስፒታል መግባት የትዳር አጋሩንም ዕድሜ ሊያሳጥር እንደሚችል ከታወቀ ቆይቷል። ኒኮላስ ክሪስታኪስ እና ፖል አሊሰን የተባሉ ተመራማሪዎች በ2006 በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን ያሳተሙት ጥናት፣ ሜዲኬር በተሰኘው የአረጋውያን የጤና መድኅን የተመዘገቡ 518,240 ጥንዶችን መረጃ ለዘጠኝ ዓመታት ተከታትሏል። ሚስቶቻቸው በአንጀት ካንሰር ሆስፒታል ከገቡባቸው ወንዶች መካከል በአንድ ዓመት ውስጥ የሞቱት 6.4 ከመቶ ነበሩ። የሚስቶቻቸው ሕመም የመርሳት በሽታ ሲሆን ግን አኃዙ ወደ 8.6 ከመቶ ከፍ ብሏል። በሴቶቹ ዘንድም ተመሳሳይ ልዩነት ታይቷል፤ የባል ሕመም ካንሰሩ ሲሆን 3 ከመቶ፣ የመርሳት በሽታ ሲሆን 5 ከመቶ።

ከዚህ መረዳት የሚቻለው አስታማሚውን የሚጎዳው ሞትን መፍራት ብቻ አለመሆኑን ነው። ካንሰር ከመርሳት በሽታ ይልቅ ቶሎ የሚገድል ሕመም ሊሆን ይችላል፤ የትዳር አጋርን ይበልጥ የሚያደቀው ግን ዕለት ተዕለት አቅምን የሚነሳው፣ ሰውን ጥገኛ የሚያደርገው፣ ማስታመሙ ማብቂያ የሌለው ሕመም ነው። እንቅልፍ ይጠፋል፤ ምግብ ይዘለላል፤ ደጋፊ የነበረው ሰው ራሱ ደጋፊ ፈላጊ ሆኖ አልጋ ላይ ነው።

በስድሳዎቹ ዕድሜ የሚገኝ አስታማሚ ደግሞ ብዙውን ጊዜ የራሱ ደም ግፊት ወይም ስኳር አለበት። በሆስፒታል ኮሪደር በሚያልፉት የመጀመሪያዎቹ ቀናት አስታማሚ የገዛ መድኃኒቱን ሊረሳ ይችላል። የዕለት መድኃኒትን በቦርሳ ይዞ መውጣት፣ የራስን የሐኪም ቀጠሮ አለመሰረዝ፣ ቢያንስ አንዱን ሌሊት ቤት ገብቶ መተኛት በባህላችን እንደ ጭካኔ ሊቆጠር ይችላል። ግን ጭካኔ አይደለም። ታማሚው ቤት ሲመለስ የሚጠብቀው ሰው ያስፈልገዋል።

ተኝተዋል ማለት ተኝተው እየታከሙ ነው ማለት አይደለም

በአሜሪካ ሆስፒታል አስታማሚው በመጀመሪያው ቀን ሊጠይቀው የሚገባው ጥያቄ እንግዳ ሊመስል ይችላል፦ "ታማሚው በእርግጥ ሆስፒታል ገብቷል?" አልጋ ተሰጥቶታል፤ የሆስፒታል ልብስ ለብሷል፤ ግሉኮስ ተተክሎለታል፤ ምግብ ይቀርብለታል። በመዝገቡ ላይ ግን "ተኝቶ ታካሚ" ሳይሆን "ተመላላሽ ታካሚ፣ በክትትል ላይ" ተብሎ ሊሆን ይችላል። ሆስፒታሎቹ ይህን ሁኔታ ኦብዘርቬሽን ይሉታል።

ልዩነቱ በሕክምናው ላይ አይታይም፤ የሚታየው ሂሳቡ ሲመጣ ነው። በመደበኛው ሜዲኬር ተኝቶ መታከም የሚሸፈነው ፓርት ኤ በሚባለው ክፍል ሲሆን፣ በ2025 ታካሚው መድኅኑ መክፈል ከመጀመሩ በፊት ከኪሱ የሚያወጣው 1,676 ዶላር ነበር። ከዚያ በኋላ እስከ 60ኛው ቀን ድረስ ለሆስፒታሉ የሚጠየቀው ተጨማሪ ክፍያ የለም። በክትትል ላይ ያለ ሰው ግን የሚሸፈነው በፓርት ቢ ነው፤ በጥቅሉ ከዓመታዊው መነሻ ክፍያ በኋላ ከአገልግሎቱ ዋጋ 20 ከመቶውን ይከፍላል። ቤት እያለ በራሱ የሚወስዳቸው ዓይነት እንክብሎች ደግሞ በሆስፒታሉ ሲሰጡት ብዙውን ጊዜ በዚህ ክፍል አይሸፈኑም።

ትልቁ ጉዳት የሚመጣው ግን ከዚያ በኋላ ነው። ዳሌው የተሰበረ ወይም ስትሮክ የመታው ሰው በቀጥታ ቤቱ ከመመለስ ይልቅ መራመድንና መልበስን እንደገና ወደሚለማመድበት የማገገሚያ ማዕከል ይላካል። መደበኛው ሜዲኬር ይህን የሚሸፍነው ታካሚው አስቀድሞ በሆስፒታል ቢያንስ ሦስት ተከታታይ ቀናት "ተኝቶ ታካሚ" ተብሎ ተመዝግቦ ከነበረ ነው፤ የሚወጣበት ቀን አይቆጠርም። በክትትል ያሳለፋቸው ሌሊቶችም አይቆጠሩም። አራት ሌሊት አልጋ ላይ ያደረ ሰው ሁለቱ በክትትል ከተመዘገቡ ለማገገሚያው ሙሉውን ከኪሱ እንዲከፍል ሊጠየቅ ይችላል። መስፈርቱ ሲሟላ ግን የመጀመሪያዎቹ 20 ቀናት ነጻ ናቸው፤ ከ21ኛው እስከ 100ኛው ቀን ደግሞ በ2025 ታካሚው በቀን 209.50 ዶላር ይከፍል ነበር። በግል ኩባንያዎች በሚተዳደረው ሜዲኬር አድቫንቴጅ ሥር ያሉ ሰዎች የሦስት ቀኑ ግዴታ ሊነሣላቸው ይችላል፤ ነገር ግን ቅድመ ፈቃድ የሚጠይቁ ዕቅዶች ስላሉ በካርዱ ጀርባ ባለው ቁጥር ደውሎ መጠየቅ ይገባል።

በክትትል ከ24 ሰዓት በላይ ለቆየ የሜዲኬር ታካሚ ሆስፒታሉ ይህንኑ በጽሑፍ የማሳወቅ ግዴታ አለበት። ማስታወቂያው ክትትሉ በተጀመረ በ36 ሰዓት ውስጥ መሰጠትና በቃልም መብራራት ይኖርበታል። ችግሩ ይህ ወረቀት የሚመጣው ከሌሎች አሥር ወረቀቶች ጋር፣ እንቅልፍ ባጣ ሰው ፊት፣ "እዚህ ጋ ይፈርሙ" ከሚል ጣት ጋር መሆኑ ነው። መፈረም መስማማት አይደለም፤ ወረቀቱን መቀበል ብቻ ነው። ከመፈረም በፊት ግን ሐኪሙን "ለምን ተኝቶ ታካሚ አልተባለም? ሁኔታውስ ሊለወጥ ይችላል?" ብሎ መጠየቅ የሚቻለው ታማሚው ገና አልጋው ላይ ሳለ ነው። ከወጣ በኋላ ጉዳዩ ሙግት ይሆናል።

ማን ይተርጉም? ማን ይወስን?

በብዙ ቤት እንግሊዝኛውን የሚናገረው፣ ደብዳቤውን የሚከፍተው፣ ከባንክና ከመድኅን ጋር የሚነጋገረው አንዱ ብቻ ነው። ክፋቱ፣ ሕመም ቤቱን ሲመታ ይህንኑ ሰው ሊመርጥ መቻሉ ነው። በዚህ ጊዜ ስልክ የሚደወለው ለልጅ ነው። ልጅ ከሥራ ሮጦ ይመጣል፤ በዶክተሩና በእናቱ መካከል ቆሞ ይተረጉማል።

በፍቅር የሚደረገው ይህ ነገር ሁለት አደጋዎች አሉት። አንደኛው የቃላት ነው፤ አሜሪካ ያደገ ልጅ "ቆሽት" እና "ጉበት" በአማርኛ ሊምታቱበት ይችላሉ። ሁለተኛው የልብ ነው። ልጅ ለእናቱ "አባዬ አይድንም" የሚለውን ዓረፍተ ነገር ሊተረጉም አይችልም፤ ቢችልም ሊጠየቅ አይገባም። የፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚያገኙ ሆስፒታሎች፣ ማለትም ሁሉም ለማለት የሚያስደፍሩ የአሜሪካ ሆስፒታሎች፣ እንግሊዝኛ ለሚቸግረው ሰው ብቁ አስተርጓሚ በነጻ የማቅረብ ግዴታ አለባቸው። የዚህ መሠረት የ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ እና የ2010ሩ የጤና ሕግ ናቸው። መብቱ የታማሚው ብቻ አይደለም፤ ሐኪሙ ሊያነጋግረው የሚገባውን የትዳር አጋርም ይጨምራል። አካለ መጠን ያልደረሰ ልጅ እንዲያስተረጉም ማድረግም ከአስቸኳይ ሁኔታ በስተቀር አይፈቀድም። አስተርጓሚው አብዛኛውን ጊዜ በአካል ሳይሆን በስልክ ወይም በቪዲዮ ይቀርባል። ለመጠየቅ ረዥም ንግግር አያስፈልግም፤ "አምሃሪክ ኢንተርፕሪተር፣ ፕሊስ" በቂ ነው።

ውሳኔውስ የማን ነው? ታማሚው ነፍሱን የሚያውቅ ከሆነ የራሱ ነው። የሚለው ከጠፋበት ወይም ራሱን ከሳተ፣ በአብዛኞቹ ግዛቶች ሕግ በጽሑፍ የተሾመ ወኪል በሌለበት ጊዜ ቅድሚያ የሚሰጠው ለትዳር አጋር ነው። ታዲያ የሕክምና ውክልና መፈረም ለምን ያስፈልጋል? ምክንያቱም ከትዳር አጋሩ ቀጥሎ የሚመጡት ልጆችና ወንድሞች ናቸው፤ አስታማሚው ራሱ በድንጋጤ ቢወድቅ የሚወስነው ማን እንደሆነ አስቀድሞ ካልተጻፈ ጭቅጭቁ በጽኑ ሕሙማን ክፍል በር ላይ ይጀመራል። ከዚህም በላይ ትዳራቸውን በቤተ ክርስቲያን ወይም በሽማግሌ ፊት ብቻ የፈጸሙና በመንግሥት መዝገብ ያላስመዘገቡ ጥንዶች አሉ። እነዚህ በሕግ ፊት "ባለትዳር" ስለመሆናቸው ክርክር ሊነሣ ይችላል። የሕክምና ውክልና ቅጽ በየግዛቱ በነጻ ይገኛል፤ በአብዛኛው የሚፈልገው የሁለት ምስክሮችን ፊርማ ነው። ከ1990 ወዲህ በወጣ የፌዴራል ሕግ መሠረት ሆስፒታሎች አዋቂ ታካሚ ሲቀበሉ እንዲህ ያለ ሰነድ እንዳለው መጠየቅ አለባቸው። ይህ ውክልና ግን ለሕክምና ብቻ ነው። በታማሚው ስም ብቻ ካለ የባንክ ሂሳብ የቤት ዕዳ ለመክፈል ሌላ፣ የገንዘብ ጉዳይ ውክልና ያስፈልጋል።

እዚህ ላይ ባህልና የሆስፒታል አሠራር የሚጋጩበት አንድ ነገር አለ። በኢትዮጵያውያን ዘንድ ከባድ መርዶን ከታማሚው ደብቆ ለቤተሰብ ብቻ መንገር የደግነት ምልክት ነው። የአሜሪካ ሐኪም ግን በቅድሚያ የሚነግረው ለታማሚው ነው፤ እንዳይነግረው ቤተሰብ ቢለምነው እንኳ በጄ ላይል ይችላል። መፍትሔ የሚሆነው ታማሚው ራሱ እንዲመርጥ ማድረግ ነው። ገና በመጀመሪያው ቀን "የሕመሜን ነገር ለባለቤቴ ንገሩልኝ፤ እኔ ዝርዝሩን መስማት አልፈልግም" ለማለት መብት አለው፤ ሐኪሞችም ይህን መዝግበው ያከብራሉ። ቤተሰብ በራሱ ከወሰነለት መደበቅ ይሆናል፤ እሱ ከመረጠው ግን ፈቃዱ ነው።

አልጋው አጠገብ

ዕድሜው የገፋ ሰው በሆስፒታል በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ሌሊት ድንገት ሊዘባርቅ ይችላል። የሞተች እናቱን ይጠራል፤ የተተከለለትን መርፌ ይነቅላል፤ ሚስቱን "አንቺ ማነሽ?" ይላታል። የትዳር አጋር ይህን ሲያይ አእምሮው ተነካ ብሎ ይደነግጣል፤ አንዳንዱም ጸበል ማሰብ ይጀምራል። ሐኪሞች ዴሊሪየም የሚሉት ይህ ሁኔታ በአረጋውያን ታካሚዎች ዘንድ የተለመደ ሲሆን፣ ከኢንፌክሽን፣ ከመድኃኒት፣ ከውሃ ጥም፣ ከእንቅልፍ ማጣት ሊመጣ ይችላል። በአብዛኛው መንስኤው ሲታከም ይሻላል፤ ቸል ሲባል ግን አደገኛ ነው። ስለዚህ "ትናንት እንዲህ አልነበረም" የሚለው የአስታማሚ ቃል ለነርሷ ትልቅ መረጃ ነው፤ ታማሚው ትናንት ማን እንደነበር የሚያውቀው አስታማሚው ብቻ ነውና።

ሻሮን ኢኑዪ የተባሉት አሜሪካዊት ሐኪም እና ባልደረቦቻቸው በየል ኒው ሄቨን ሆስፒታል አካሂደው በ1999 ያሳተሙት ጥናት፣ ቀላል በሆኑ ነገሮች ይህን መቀነስ እንደሚቻል አሳይቷል። መነጽርና የመስሚያ መሣሪያ ማድረግ፣ ውሃ መጠጣት፣ በቀን ከአልጋ መነሣት፣ ሌሊት ያለ እንቅልፍ ኪኒን ጸጥ ባለ ክፍል መተኛት፣ ዕለቱንና ቦታውን ደጋግሞ መንገር። በዚህ መልክ ከተያዙት መካከል ዴሊሪየም የያዛቸው 9.9 ከመቶ ሲሆኑ በተለመደው አያያዝ ከነበሩት ግን 15 ከመቶ ነበሩ። ከዝርዝሩ አብዛኛውን አንዲት ሚስት ወይም አንድ ባል በአማርኛ እያወጋ ሊሠራው ይችላል። በመጀመሪያው ቀን በእጅ የቀሩት መነጽርና ጫማ እንግዲህ ጥቅማቸው እዚህ ላይ ነው።

ጠያቂው ሌላ ጉዳይ ነው። ማኅበርተኛው፣ ቤተ ዘመዱ፣ የቀድሞ የሥራ ባልደረባው ሁሉ "ይማርህ" ለማለት ይጎርፋል፤ ይህ የማኅበረሰቡ ትልቅ ሀብት ነው። ነገር ግን ስምንት ሰው አንድ ክፍል ውስጥ ገብቶ ሲያወራ ታማሚው እያስተናገደ ይደክማል፤ አስታማሚውም ለእያንዳንዱ የሕመሙን ታሪክ ከመጀመሪያው ይተርካል። ወሬውን በስልክ ለሁሉም የሚያደርስና ጠያቂውን በተራ የሚያስገባ አንድ ጨዋ ዘመድ መሾም ከብዙ ድካም ያድናል። ሊረዳ የሚፈልግም እንጀራ ይዞ ወደ ሆስፒታሉ ከሚመጣ ይልቅ አስታማሚዋን በመኪና ቤቷ አድርሶ ቢመልሳት ይበልጥ ይጠቅማል።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም እንደሚባለው፣ ለሐኪሙ መደበቅ የሌለበት ነገር አለ። ታማሚው ከቤት የሚወስዳቸውን መድኃኒቶች ሁሉ፣ ከአገር ቤት የመጣውን እንክብልና የባህል መድኃኒት ጨምሮ፣ በጠርሙሳቸው ይዞ መቅረብ ይገባል። ጾምም እንዲሁ መነገር አለበት። ታማሚው በዐቢይ ጾም ወይም በረመዳን ምግቡንና ኪኒኑን ሳይነካ መልሶ ነርሷ "አልበላም አለ" ብላ ብትመዘግብ፣ ሐኪሙ ሕመሙ የባሰበት ሊመስለው ይችላል።

ሜዲኬር ገና ካልደረሰ

እስካሁን የተባለው ዕድሜያቸው 65 ለሞላቸው ነው። የሶሻል ሴኩሪቲ ጡረታ ግን ተቀንሶ ከ62 ዓመት ጀምሮ ሊወሰድ ይችላል፤ ሜዲኬር በአብዛኛው 65 ይጠብቃል። በመካከሉ ያሉት ሦስት ዓመታት በቀድሞ ጡረተኞች ዘንድ እጅግ የሚያስጨንቁ ናቸው። በኢትዮጵያውያን ትዳር ባል በዕድሜ መቅደሙ የተለመደ መሆኑ ደግሞ ሌላ ክፍተት ይፈጥራል፦ እሱ 65 ሞልቶት ሥራ ሲለቅ የ60 ዓመቷ ሚስት በእሱ ሥራ በኩል የነበራትን መድኅን ታጣለች።

ክፍተቱ ውስጥ ሳሉ ሆስፒታል መግባት ቢመጣ ሁለት ነገሮች ወዲያውኑ ይታሰቡ። አንደኛው ኮብራ የሚባለው ሕግ ነው። 20 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ካለው ድርጅት የለቀቀ ሰውና ቤተሰቡ የቀድሞውን መድኅን ሙሉ ክፍያ ራሳቸው እየከፈሉ ለመቀጠል ቢያንስ 60 ቀናት የመወሰኛ ጊዜ አላቸው፤ በዚህ ጊዜ ውስጥ ከመረጡት ሽፋኑ መድኅኑ ከተቋረጠበት ዕለት ጀምሮ ወደኋላ ይቆጠራል። ስለዚህ በአርባኛው ቀን ልቡ የታመመ ሰው አልጋ ላይ ሆኖም ሊመርጠው ይችላል። ክፍያው ውድ ነው፤ ከአንድ የቀዶ ሕክምና ሂሳብ ግን ይረክሳል። ሁለተኛው፣ ለትርፍ ያልተቋቋሙ ሆስፒታሎች በፌዴራል ሕግ የተጻፈ የገንዘብ ድጋፍ መመሪያ ሊኖራቸው ይገባል፤ ከመውጣት በኋላ የመጀመሪያው ሂሳብ ከተላከበት ቀን አንስቶ ለ240 ቀናት ማመልከቻ መቀበል አለባቸው። ዕዳውን በክሬዲት ካርድ ከመክፈል ወይም ቤት ከማስያዝ በፊት ይህን ማመልከቻ መጠየቅ ተገቢ ነው።

65 ለሞላቸው ደግሞ አንድ ማሳሰቢያ አለ። ሥራ ለቆ በኮብራ የቆየ ሰው "መድኅን አለኝ" ብሎ ፓርት ቢን ቢያዘገይ ይሳሳታል፤ ኮብራ በሥራ ላይ ያለ ሰው መድኅን ተደርጎ ስለማይቆጠር ሥራ ካበቃ ከስምንት ወር በኋላ ቅጣት ሊከተል ይችላል።

"ነገ ይወጣሉ"

አስታማሚን ከሁሉ ይበልጥ የሚያስደነግጠው መግባቱ ሳይሆን መውጣቱ ነው። ቁስሉ ገና ነው፤ መቆም አይችልም፤ ሆኖም ነርሷ "ነገ ይወጣሉ" ትላለች። በሜዲኬር ተኝቶ የሚታከም ሰው ገብቶ ብዙም ሳይቆይ፣ ከመውጣቱ በፊትም በድጋሚ፣ መብቱን የሚገልጽ ማስታወቂያ ይሰጠዋል። መውጣቱ ገና ነው ብሎ የሚያምን ታካሚ በሚወጣበት ዕለት እስከ እኩለ ሌሊት ድረስ በማስታወቂያው ላይ ባለው ስልክ ደውሎ በገለልተኛ ተቋም እንዲታይለት መጠየቅ ይችላል። ውሳኔው እስኪሰጥ ድረስም ከመደበኛው ድርሻው በቀር የአልጋ አይከፍልም።

ይህን ያህል መሄድ ሳያስፈልግ ግን ኬዝ ማኔጀር ወይም ሶሻል ወርከር የሚባሉትን ባለሙያዎች በሁለተኛው ቀን ፈልጎ ማነጋገር ይቻላል። ቤቱ ደረጃ አለው፤ መታጠቢያው ፎቅ ላይ ነው፤ ሚስትየዋ 90 ኪሎ የሚመዝን ሰው ማንሳት አትችልም። እነዚህን በግልጽ መናገር ያስፈልጋል። "እንወጣዋለን፣ እግዚአብሔር አለ" የሚለው መልስ በኢትዮጵያዊ ጨዋነት ይገባል፤ በሆስፒታል መዝገብ ግን "ቤት በቂ ረዳት አለ" ተብሎ ይጻፋል። ያን ጊዜ የቤት ለቤት ነርስ፣ የመራመጃ መደገፊያ፣ የማገገሚያ ማዕከል አማራጭ ሳይነሣ ይቀራል።

ከሆስፒታል መውጣት የአደጋው ማብቂያም አይደለም። የየል ዩኒቨርሲቲው የልብ ሐኪም ሃርላን ክረምሆልዝ በ2013 እንደጻፉት፣ በሜዲኬር ከታከሙት አረጋውያን አምስት አንዱ ያህል በ30 ቀናት ውስጥ ተመልሶ ይገባል፤ ብዙዎቹ የሚመለሱትም በመጀመሪያው ሕመም ሳይሆን በሌላ ነው። እሳቸው የሚወቅሱት ሆስፒታል ውስጥ የሚደርሰውን እንግልት ጭምር ነው፦ የተቆራረጠ እንቅልፍ፣ የጎደለ ምግብ፣ አልጋ ላይ የላላ ጡንቻ፣ የተደራረበ መድኃኒት። ስለዚህ ከመውጣት በፊት የትኛው መድኃኒት እንደተጨመረ፣ የትኛው እንደቆመ በአስተርጓሚ ተብራርቶ መጻፍ አለበት። የቆመው ጠርሙስ ቤት ከመደርደሪያው ይነሣ፤ አሮጌውንና አዲሱን ደርቦ መውሰድ የተለመደ ስሕተት ነው።

የሚሠሩ ልጆች ቢያንስ 50 ሠራተኛ ባለው ድርጅት አንድ ዓመት ካገለገሉና በዚያ ዓመት 1,250 ሰዓት ከሠሩ፣ በ1993ቱ የቤተሰብ ፈቃድ ሕግ መሠረት ወላጅ ለማስታመም በዓመት እስከ 12 ሳምንት ያለ ደመወዝ ፈቃድ ሊወስዱ ይችላሉ። ፈቃዱን ከፋፍሎ መውሰድም ይቻላል። ሁሉም ልጆች በመጀመሪያው ሳምንት ሆስፒታል ከሚሰበሰቡ አንዱ ለሦስተኛው ሳምንት ቢቆይ ይሻላል፤ ያኔ ጠያቂው ሁሉ ሄዷል።

በሌላው ዓለም ጭንቀቱ ሌላ መልክ አለው። በጀርመን በሕዝባዊው የጤና መድኅን የታቀፈ ሰው ለሆስፒታል በቀን 10 ዩሮ፣ ያውም በዓመት ቢበዛ ለ28 ቀናት ይከፍላል፤ በብሪታንያ ነዋሪ ተኝቶ የሚታከመው በነጻ ነው። በባሕረ ሰላጤው አገራት ግን የመኖሪያ ፈቃድ በአብዛኛው ከሥራ ጋር የተሳሰረ ስለሆነ ለብዙዎች ጡረታ ማለት ወደ አገር መመለስ ነው፤ በአሠሪው በኩል የነበረው መድኅንም እዚያው ይቀራል።

ለአዲስ አበባ የተቆረጠው የአውሮፕላን ትኬትስ? ሐኪሙ ፈቅዶ ጉዞው ቢቀጥል፣ ሜዲኬር ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በስተቀር ከአሜሪካ ውጭ ለተደረገ ሕክምና አይከፍልም። ሜዲጋፕ ከሚባሉት ማሟያ መድኅኖች አንዳንዶቹ በጉዞው የመጀመሪያ 60 ቀናት ለሚያጋጥም ድንገተኛ ሕክምና፣ ከ250 ዶላር መነሻ ክፍያ በኋላ፣ 80 ከመቶውን ይሸፍናሉ፤ ጣሪያው በሕይወት ዘመን 50,000 ዶላር ነው። አዲስ አበባ ያሉ የግል ሆስፒታሎች ደግሞ ታካሚ ከማስተኛታቸው በፊት ተቀማጭ ገንዘብ መጠየቃቸው የተለመደ ነው። እንግዲህ ከሻንጣው በፊት የሚዘጋጁት ለጉዞው ጊዜ ሁሉ የሚበቃ መድኃኒት፣ ከሆስፒታል የተሰጠው የሕክምና ማጠቃለያ ቅጂ እና አዲስ አበባ ሲደርሱ የሚደወልለት አንድ ሐኪም ስልክ ናቸው።